«ጨጓራ ነው» የተባለው ልብ፦ የሃርት አታክና የሕክምናው ታሪክ

እዚህ ቤይሩት ከሽማግሌና ከአሮጊት ጋር የሠራች እህት ሁሉ «ጀልጣ» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ጎረቤት ይመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እከሌን እኮ ጀልጣ መታው» ይላል። ማዳም እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፣ ከዚያ ቡና አፍዪ ትባያለሽ። ብዙዎቻችን ቃሉን የምንሰማው ሞት እንደማለት አድርገን ነው። ትርጉሙ ግን የረጋ ደም ማለት ብቻ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ሲሆንም ልብ ላይ ሲሆንም በዚሁ አንድ ስም ይጠሩታል። የደረቱን ሕመም ለብቻው ሲጠሩ ደግሞ «ዘብሃ ሰድሪየ» ይላሉ፤ ቃል በቃል የደረት መታረድ ነው።

እኛ አገር ለዚህ ነገር የጠራ ስም የለንም። «ልቡ ቀጥ አለች»፣ «ቁጭ ባለበት አረፈ» እንላለን። ሬዲዮው «የልብ ድካም» ይለዋል። ሐኪሞች የልብ ድካም የሚሉት ግን ሌላውን ነው፤ ልብ ቀስ በቀስ አቅም አጥቶ እግር የሚያሳብጠውን፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረውን። ስለዚህ እዚህ ላይ ሃርት አታክ እያልኩ እሄዳለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ ባዮሎጂ ላይ የልብን ሥዕል ስለን ቀይና ሰማያዊ መቀባታችን ትዝ ይለኛል። የምጠብቃቸው ባባ ልባቸው ላይ ሦስት «ራሶር» ተቀምጦላቸዋል። ሐኪም ቤት ይዣቸው ስሄድ ኮሪደር ላይ ብዙ እቀመጣለሁ፤ እዚያ ነው ነርሶቹን መጠየቅ የጀመርኩት፣ ማታ ማታ ደግሞ በስልኬ ማንበብ። ያነበብኩትን ብቻዬን ይዤ መቀመጥ አልፈለግሁም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ልብ ቀኑን ሙሉ ለሌላው አካል ደም ታድላለች፤ ነገር ግን በውስጧ ከሚያልፈው ደም ራሷ አትጠጣም። (ምግብ አቅርባ የራሷን ኋላ ማድቤት ቆማ የምትበላ ሰው የምናውቅ ይመስለኛል።) የልብ ድርሻ የሚደርሳት ከላይዋ በተጠመጠሙ ቀጫጭን ደም ሥሮች ነው፤ ኮሮናሪ ይባላሉ። በእነዚህ ደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት ስብ ይከማቻል። ሰው ሁሉ የሚያስበው እንደ ዕቃ ማጠቢያ ቱቦ ቀስ እያለ ተደፍኖ የሚያልቅ አድርጎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ስቡን የሸፈነው ስስ ሽፋን ድንገት ይሰነጠቃል። ደም ስንጥቅ ሲያገኝ ቁስል ነው ብሎ ይረጋል፤ ሽንኩርት ስትከትፊ ጣትሽ ሲቆረጥ ደሙን የሚያቆምልሽ ያው ነገር ነው። ጣትሽ ላይ ያዳነሽ፣ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ መንገድ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ሥጋ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ለማዳን የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሞተው ሥጋ ጠባሳ ይሆናል እንጂ ተመልሶ አይበቅልም።

ሃርት አታክና የልብ መቆም አንድ አይደሉም። ሃርት አታክ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ያወራል፣ ይራመዳል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ግን የታመመችው ልብ በማንኛውም ደቂቃ ምቷ ተዛብቶ መንቀጥቀጥ ብቻ ልትጀምር ትችላለች፤ ያኔ ነው የምትቆመው።

በ1768 ለንደን ላይ ዊልያም ሄበርደን የሚባል ሐኪም ሲራመዱ፣ በተለይ ዳገት ሲወጡ፣ ደረታቸውን አንቆ ስለሚይዛቸው፣ ሲቆሙ ደግሞ ስለሚተዋቸው ሰዎች ለባልደረቦቹ አነበበ። «አንጃይና» ብሎ ሰየመው፤ መታነቅ ማለት ነው። መታረድና መታነቅ፣ ዐረቡና እንግሊዙ ሳይነጋገሩ ጎረቤት ቃል መረጡ። ሄበርደን በዕድሜው እንዲህ ያሉ መቶ የሚጠጉ ሰዎችን እንዳየ ጽፏል። ከእነሱ ውስጥ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ከዚያም በላይ፣ የልብ ደም ሥር ድንገት ከተዘጋ ሰውየው እዚያው ይሞታል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1910 ኪየቭ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች፣ በ1912 ደግሞ ቺካጎ ላይ ጄምስ ሄሪክ፣ የለም፣ ደም ሥሩ ተዘግቶም ሰው ሊቆይ ይችላል፣ ሊተርፍም ይችላል ብለው ጻፉ። ሄሪክን መጀመሪያ ሰሚ አላገኘም። ሰዎች እየሰሙት የመጡት የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚስለው ማሽን ሲስፋፋ ነው። ያን ማሽን የሠራው ሆላንዳዊው ኢንትሆቨን ነው፤ በ1924 ኖቤል ተሸልሞበታል። የመጀመሪያው ማሽን 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፣ ለማንቀሳቀስ አምስት ሰው ይፈልጋል፣ በሽተኛው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን የጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ዛሬ ባባን ደረታቸው ላይ እየለጠፉ በሁለት ደቂቃ የሚያነሡላቸው ወረቀት የዚያ ልጅ ነው።

በሽታው ታወቀ እንጂ መድኃኒት አልነበረውም። ስለዚህ ሕክምናው መተኛት ሆነ። መተኛት ስል በጀርባ ተዘርግቶ ስድስት ሳምንት። በሽተኛው ራሱን እንዲያጎርስ አይፈቀድለትም፣ ጢሙን እንዲላጭ አይፈቀድለትም፣ ሽንት ቤት የሚባል ነገር የለም። መጽሐፎቹ ይህን ሲያወሩ «ፍጹም ዕረፍት» ይሉታል። እኔ ግን የዕረፍቱን ሌላ ወገን ነው የማየው። አልጋ ላይ የተኛ ትልቅ ሰው ያነሣች፣ ያገላበጠች፣ ያጠበች እህት ስድስት ሳምንት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ያ ሁሉ ድካም ደግሞ በሽተኛውን ይጎዳው ነበር። ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፣ ያ የረጋ ደም ተነሥቶ ሳንባ ይዘጋል። ከሃርት አታክ የተረፈው በአልጋው ይሞታል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ላይ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የሚባሉ ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥተው ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ወንበር ብቻ! ሌሎቹ ሐኪሞች ሰው ልትገድሉ ነው ብለው ተቃወሟቸው። የተቀመጡት ግን አልሞቱም፤ እንዲያውም ቶሎ ተሻላቸው፣ ፊታቸው ፈካ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ታሪክ የሆነው በዚህ መሀል ነው፤ እኔም በደንብ ልነግራችሁ የምፈልገው እሱን ነው። ሴፕቴምበር 1955፣ ዴንቨር ከተማ። ፕሬዚዳንቱ ጎልፍ ሲጫወቱ ውለዋል፣ ሥጋ በሽንኩርት በልተዋል። ሌሊት ደረታቸውን አሟቸው ነቁ። ሚስታቸው ሜሚ ጨጓራ ነው ብላ የሆድ መድኃኒት ሰጠቻቸው። የግል ሐኪማቸው በሌሊት መጣ፣ ሞርፊን ወጋቸው፣ ተኙ። ጠዋት ለጋዜጠኞች የተነገረው የምግብ አለመፈጨት ነው የሚል ነበር። የልብ ምርመራው ማሽን መጥቶ ሃርት አታክ መሆኑ የታየው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። አሥር ሰዓት አለፈ ማለት ነው። በዓለም ላይ ኃይለኛ የተባለ ሰው፣ የራሱ ሐኪም ያለው፣ ሚስቱ አጠገቡ የተኛች፣ እሱ እንኳ መጀመሪያ የተሰጠው የጨጓራ መድኃኒት ነው።

ከቦስተን የመጣው የልብ ሐኪም ፖል ዱድሊ ኋይት ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ኮሮናሪ ምን እንደሆነ፣ ደም እንዴት እንደሚረጋ በቀላል ቋንቋ አስረዳ። ሕዝቡ ስለዚህ በሽታ ያን ያህል የሰማው ያኔ ነው። አይዘንሃወር ሰባት ሳምንት ሐኪም ቤት ቆይተው ወጡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተወዳድረው እንደገና አሸነፉ። ሃርት አታክ የያዘው ሰው ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም የሚለው ነገር በእሳቸው ተሰበረ።

የቆመችን ልብ መልሶ ማስነሣት ግን ገና ነበር። በ1947 ክሊቭላንድ ላይ ክላውድ ቤክ የሚባል ቀዳጅ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ላይ ልቡ የቆመበትን የ14 ዓመት ልጅ ደረቱ ተከፍቶ ሳለ ልቡን በቀጥታ በኤሌክትሪክ መትቶ አስነሥቶታል። ደረቱ ያልተከፈተስ? መልሱ የመጣው ከሐኪም አይደለም። ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠራው ኮወንሆቨን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። ከእሱ ጋር የሚሠራ ኒከርቦከር የሚባል ተማሪ ውሻ ላይ ሲሞክሩ አንድ ነገር አየ፤ ከባዱን የኤሌክትሪክ መምቻ ደረቱ ላይ ተጭኖ ሲያስቀምጠው፣ ኤሌክትሪኩ ገና ሳይለቀቅ፣ የደም ግፊቱ ከፍ አለ። መጫኑ ራሱ ደም ይገፋል ማለት ነው። ከጁድ ከሚባል ቀዳጅ ሐኪም ጋር ሆነው ሰው ላይ ሞከሩት፤ በ1960 ሃያ በሽተኞችን ጽፈው አሳተሙ፣ ከሃያው አሥራ አራቱ ተርፈዋል። የሚያስፈልገው ሁለት እጅ ብቻ ነው ብለውም ጻፉ።

እኔ ይህን ሳነብ ቆም ብዬ እጄን አየሁ። በረኪና የበላው እጅም ይሆናል። ሰው ወድቆ ካልመለሰልሽ፣ እንደወትሮው ካልተነፈሰ፣ መጀመሪያ ይደወል፤ ከዚያ ወለል ላይ በጀርባው አስተኝተሽ በደረቱ መሀል መዳፍሽን አድርገሽ፣ ሌላውን እጅ ከላይ ደርበሽ፣ ክንድሽን ሳታጥፊ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች መግፋት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ሰው እስኪደርስ። አልጋ ላይ አይሆንም፣ ፍራሹ ይውጠዋል። ቀይ መስቀል በየአገሩ ያስተምራል፤ ማኅበራችን አንድ እሑድ አሠልጣኝ ብትጠራልን ከብዙ ስብሰባ ይሻላል ባይ ነኝ።

በ1960ዎቹ ሐኪም ቤቶች የልብ በሽተኞችን አንድ ክፍል ሰብስበው፣ ማሽን ላይ አድርገው ሌት ተቀን ማየት ጀመሩ። ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በ1962 ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። መጀመሪያ ነርሷ ልብ ሲቆም አይታ ሐኪም ለመጥራት ትሮጥ ነበር፤ ሐኪሙ ሲደርስ ደግሞ በሽተኛው አልቋል። ክፍሎቹ ሰው ማዳን የቻሉት አጠገብ ያለችው ነርስ ራሷ በኤሌክትሪክ እንድትመታ ሲፈቀድላት ነው። ለመፍቀድ ብዙ ክርክር ነበረው። በ1966 ደግሞ ቤልፋስት ላይ ፍራንክ ፓንትሪጅ፣ ሰዎቹ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ነው የሚሞቱት ብሎ ማሽኑን በመኪና ባትሪ አስነሥቶ አምቡላንስ ላይ ጫነው። 70 ኪሎ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የቆመችውን ማስነሣት ነው፤ የተዘጋውን ደም ሥር ማንም አልነካውም። ሐኪሞች ራሳቸው አልተስማሙም ነበር። ግማሾቹ የረጋው ደም ከሃርት አታኩ በኋላ የሚመጣ ነው ይላሉ። በ1980 ስፖኬን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ዲዉድና ባልደረቦቹ ሰዎቹ በመጡበት ሰዓት ደም ሥራቸውን በቀለም ፎቶ አነሡ፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት ከታዩት ከመቶ 87ቱ ደም ሥራቸው ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ተገኘ። ክርክሩ አለቀ። የቤይሩት ጎረቤት ሁሉ «ጀልጣ» የሚለው ልክ ነው።

ስለዚህ ደሙን ማሟሟት። የሚያሟሟው ነገር ከተገኘ ቆይቶ ነበር። በ1933 ዊልያም ቲሌት ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም የረጋ ደም የሚያቀልጥ ነገር እንደሚያወጣ አይቷል፤ ስትሬፕቶካይኔዝ ይባላል። የዚህን ጀርም ቤተሰብ እኛ በሌላ በኩል እናውቀዋለን። አገራችን ውስጥ «ልቡን ያመዋል» የምንለው ልጅ፣ ሮጦ የማይጫወተው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ብዙ ጊዜ ሃርት አታክ አይደለም። ቶንሲሉ በዚህ ጀርም ሲደጋገም የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ የልቡን በሮች ያበላሽበታል። እንጥል ማስቆረጥ አያድነውም፤ በጊዜ የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ይከላከላል፣ ለታመመውም በየወሩ ገደማ የሚወጋው አለ። ወደ ቤት ስትደውሉ ልጅ ጉሮሮውን አመመው ካሏችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት በሉ። አንድ የጀርም ዘር፣ ወገኑ እዚያ ልብ ያበላሻል፣ ወገኑ እዚህ መድኃኒት ሆነ።

መድኃኒቱ በእርግጥ እንደሚሠራ ያሳዩት ጣልያኖች ናቸው፤ በ1986፣ 11,806 በሽተኞች ላይ። ሕመሙ በጀመራቸው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ በተወጉት ላይ ሞት በግማሽ ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ቀነሰ። ዘግይተው በመጡት ላይ ጥቅሙ እያነሰ ሄደ። በ1988 ደግሞ 17,187 ሰዎች ላይ ሌላ ጥናት ወጣ፤ ማሟሟቻውና አስፕሪን ለየብቻ፣ አብረውም ተሞከሩ። ምንም ካልተሰጣቸው ከመቶ 13 ሲሞቱ፣ ሁለቱንም ካገኙት ከመቶ 8 ሞቱ። አስፕሪን! በየሱቁ የሚሸጠው። ለዚህ ነው አምቡላንስ ሲጠራ ስልኩ ላይ ያለው ሰው «አስፕሪን አላችሁ? ታኝከው» ሊል የሚችለው። አለርጂ ላለባት፣ ደም ለሚፈሳት ግን አይሆንም፤ ስለዚህ ጠይቆ ነው።

ሌላው መንገድ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ገብቶ መክፈት ነው። የባባ ራሶር የመጣው በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያው በ1929 ነው፣ በርሊን አጠገብ ኤበርስቫልደ ውስጥ። ቨርነር ፎርስማን የሚባል የ25 ዓመት ጀማሪ ሐኪም በክንድ ደም ሥር ቱቦ አስገብቶ ልብ ድረስ መድረስ ይቻላል አለ። አለቃው ከለከለው። ዕቃው ያለው ደግሞ ነርሷ ጌርዳ ዲትዘን እጅ ነው። እሷ እኔ ላይ አድርገው ብላ ተስማማች። ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ አሰራት፣ ያደነዘዛት አስመሰለ፣ ከዚያ ዞር ብሎ የራሱን ክንድ ቆርጦ ቱቦውን 65 ሴንቲ ሜትር ገፋው። ከዚያ ፈታት፤ አብረው በደረጃ ወርደው ራጅ ክፍል ሄዱ፣ ቱቦው ልቡ ውስጥ ታየ። እሱ ተወቀሰ፣ ከቆየ በኋላ ግን በ1956 ኖቤል ተሸለመ። እሷ በታሪኩ ውስጥ የቀረችው ጠረጴዛ ላይ የታሰረችው ሆና ነው። መጀመሪያ ሰውነቷን የሰጠችው እሷ እንደነበረች ብዙዎቹ በአንድ መስመር ያልፉታል።

ከዚያ ሜሰን ሶንስ በ1958 ክሊቭላንድ ላይ ሳያስበው ቀለሙ ኮሮናሪ ውስጥ ገባበትና ደም ሥሮቹ በፎቶ ታዩ። ሰዎች እዚህ «ተምዪል» የሚሉት ምርመራ ያ ነው። ወደዚያው ክሊቭላንድ ከአርጀንቲና ገጠር አንድ ሐኪም መጣ፤ ሬኔ ፋቫሎሮ። አሥራ ሁለት ዓመት ገጠር ሲያክም ኖሮ፣ እንግሊዝኛው ገና ሳይጠራ፣ ሰው አገር ከታች ጀመረ። በ1967 የአንዲት 51 ዓመት ሴት እግር ላይ ደም ሥር ወስዶ በተዘጋው ኮሮናሪ አሻግሮ መንገድ ሠራላት። ባይፓስ የሚባለው ቀዶ ሕክምና በዚህ ተስፋፋ። በ1971 ደህና ደመወዙን ትቶ አገሩ ተመለሰ፣ እዚያ ሐኪሞች አስተማረ። መመለስ እያሰብን ለምንኖር ሰዎች ይህ ታሪክ ሌላ ጣዕም አለው።

አንድሬያስ ግሩንቲሽም ስደተኛ ነው፤ ከምሥራቅ ጀርመን ወጥቶ ዙሪክ ገባ። ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ፊኛ አድርጎ የጠበበውን ደም ሥር ከውስጥ መንፋት ነበር ሐሳቡ። ፋብሪካ የሚሠራለት አላገኘም፤ ስለዚህ ማታ ማታ በቤቱ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከሚስቱ፣ ከረዳቱ ማሪያ ሽሉምፍና ከባሏ ጋር እየቆረጡ እያጣበቁ ሠሩት። ማድቤት ውስጥ የምንውል ሰዎች ነንና ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሴፕቴምበር 16፣ 1977 የ38 ዓመት ሰው ላይ የመጀመሪያውን ነፋ፤ ሠራ። በ1986 ደግሞ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ውስጥ ፊኛው የከፈተው ተመልሶ እንዳይዘጋ ትንሽ የብረት መረብ ውስጡ ማስቀመጥ ተጀመረ። ስቴንት ይባላል፤ ሊባኖሶች «ራሶር» ይሉታል፣ ስፕሪንግ እንደማለት፣ ሌላው ዐረብ «ሸበካ» ይለዋል፣ መረብ። ዛሬ ሃርት አታክ የያዘው ሰው ቶሎ ከደረሰ የሚደረግለት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ነቅቶ እያለ፣ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ገብተው፣ አንዳንዴ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ስድስት ሳምንት አልጋ የነበረው በጥቂት ቀን ቤቱ ይገባል።

አሁን ወደ ሦስቱ ሴቶች። ሄበርደን ያያቸው ሴቶች ሦስት ብቻ የሆኑት ለምንድን ነው? አንዱ እውነት ሴቶችን ዘግይቶ ስለሚይዝ ነው። በ2004 የወጣ የ52 አገሮች ጥናት የመጀመሪያው ሃርት አታክ ሴቶችን ከወንዶች ዘጠኝ ዓመት ያህል ዘግይቶ እንደሚይዛቸው አሳይቷል። (ያው ጥናት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው ከምዕራብ አውሮፓ ይልቅ በልጅነቱ እንደሚያዝም አሳይቷል፤ ሲጋራ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ስብ፣ ጭንቀት። አርጊላም ጭስ ነው።) ሌላው እውነት ግን ሴትን የሚጠይቃት ስላልነበረ ነው። በ1964 ኦሪገን ውስጥ ስለ ልብ በሽታ ለሴቶች ትልቅ ስብሰባ ተጠራ፤ ርዕሱ የባላችሁን ልብ እንዴት ትጠብቃላችሁ የሚል ነበር። ስለ ራሳቸው ልብ አልነበረም። አስፕሪን ጤነኛ ሰውን ከሃርት አታክ ይጠብቅ እንደሆነ የተፈተነበት በ1989 የወጣው ስመ ጥር የአሜሪካ ጥናት 22,071 ሐኪሞች ነበሩት፤ አንዲት ሴት የለችበትም። በ1991 በርናዲን ሂሊ የምትባል የልብ ሐኪም፣ የአሜሪካን ብሔራዊ የጤና ተቋማት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ሴት በሽተኛ እንደ ወንድ መታመሟን ካላስመሰከረች እንደ ወንድ አትታከምም ብላ ጻፈች።

ሴትንም ብዙውን ጊዜ የሚያማት ደረቷን ነው፤ መጫን፣ መጨምደድ። ነገር ግን ከወንድ ይበልጥ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ መንጋጋ፣ ጀርባ፣ ክንድ ማመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ያልተለመደ ድካም አብሮ ይመጣል። እነዚህን ደግሞ እኛ ስም አውጥተንላቸዋል፤ ብርድ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ውጋት ነው።

ባለፈው ዓመት አርባዎቹ ውስጥ ያለች አንዲት እህታችን፣ ስሟን አልጠራም፣ ጀርባዋንና መንጋጋዋን ያማት ጀመር፣ ላብ በላብ ሆነች። አሠሪዋ አገርሽን ብዙ እያሰብሽ ነው ብላ ፓናዶል ሰጠቻት። ፋርማሲው የጨጓራ ሰጣት። ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጓደኞቿ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ በሩ ላይ መጀመሪያ ብር አስይዙ ተባሉ፣ ሲሯሯጡ ሌላ ሰዓት ሄደ። ተርፋለች። የልቧ አንድ ጎን ግን ጠባሳ ሆኗል፤ አሁን አገሯ ናት፣ የውኃ ጀሪካን ማንሣት አትችልም። ስለ አይዘንሃወር ሳነብ እሷ ነበረች ፊቴ የመጣችው። ለእሳቸውም ጨጓራ ተብሏል፤ ልዩነቱ በማግስቱ ማሽኑ አልጋቸው ድረስ መምጣቱ ነው።

እንዲህ ያለ ሕመም ደቂቃዎች አልፈው ካልተወ ጠዋትን አትጠብቁ፣ ማዳም እስክትመለስም አትጠብቁ። ሊባኖስ 140 ቀይ መስቀል ነው፤ ሳውዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ዮርዳኖስ 911፣ ባህሬንና ኳታር 999። በሽተኛዋ ትቀመጥ፣ ልብሷ ይላላ፣ አትራመድ። እዚህ «ወጃዕ ቢሰድሪ» ካልሽ ደረቴን አመመኝ ማለት ነው። ጭንቀት ነው ቢሉሽ የልብ ወረቀቱን አንሡልኝ በይ፤ ማሽኑ በሁሉም ድንገተኛ ክፍል አለ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ከስንት ሰዓት ጀምሮ የሚለውን ነው፤ የሚሰጥሽን የሚመርጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ስትመልሺ በእነሱ ሰዓት ይሁን። በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በእነሱ ሁለት ነው፤ ስምንት ካልሽው ስድስት ሰዓት ተሳስቶ ይጽፋል። እስክሪብቶ ካለ ሰዓቱን በቁጥር እጇ ላይ ጻፉላት።